የአባላዘር በሽታ ምልክት ያየን ሲመስለን፦ ስለ ስጋቱ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በጎንደር ከተማ በአንድ ጤና ጣቢያ የምክርና ምርመራ ክፍል ውስጥ አገለግላለሁ። ወደዚህ ክፍል ከሚገቡት ሰዎች ብዙዎቹ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ስለ ጨጓራቸው ወይም ስለ ራስ ምታታቸው ያወራሉ፤ አመስግነው ከተነሡ በኋላ ደግሞ የበሩን እጀታ እንደያዙ ዞር ብለው «ሲስተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነበር» ይላሉ። ከዚያ በኋላ የሚነገረው ነገር ነው የመጡበት ጉዳይ። ከዚህ በታች የሰፈሩት ጥያቄዎች አብዛኞቹ እንደዚያ በር ላይ የተነገሩ ናቸው። መልሶቹ ምርመራን አይተኩም፤ ነገር ግን ምርመራው ድረስ ያለውን መንገድ ሊያቀልሉ ይችላሉ ብዬ አምናለሁ። በዚህ ሥራ ደጋግሜ ያየሁት ስጋት ቀን ሲቆረጥለት እንደሚቀል ነው፤ ቀን ያልተቆረጠለት ስጋት ግን ወራትን ይበላል።

ምልክት ያየሁ ስለመሰለኝ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ከሁሉ በፊት ምን ላድርግ?

ከሁሉ በፊት ጉዳዩ የሰዓታት፣ የቀናት ወይስ የሳምንታት መሆኑን ይለዩ። በአንድ ወገን የዘር ፍሬ ላይ በድንገት የጀመረ ከባድ ሕመም፣ ከትኩሳት ጋር የመጣ የታችኛው የሆድ ክፍል ሕመም፣ የወር አበባዋ በቀረባት ሴት ላይ የተነሣ የሆድ ቁርጠት፣ እንዲሁም ሽንት ጨርሶ መከልከል ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል የሚያስኬዱ ናቸው። የዘር ፍሬ ተጠማዝዞ የደም ሥሩ ከታነቀ በ6 ሰዓታት ጊዜ ውስጥ ካልታከመ ሊጠፋ ይችላል፤ ስለዚህ «አባላዘር ነው ይሉኛል» በሚል ሐፍረት ቤት መቆየት ከባድ ዋጋ ያስከፍላል።

ካለፉት 3 ቀናት ወዲህ ያለ ኮንዶም የተፈጸመ ግንኙነት ካለና የሚያሰጋዎት ኤች አይ ቪ ከሆነ፣ ጉዳዩ የሰዓት ነውና ከዚህ በታች ስለ 72 ሰዓት የተጻፈውን ያንብቡ። ቁስል፣ ውኃ የቋጠረ ሽፍታ፣ መግል፣ በብሽሽት ላይ የወጣ ንፍፊት ወይም ሽንት ሲሸኑ የሚሰማ ማቃጠል ካለ በዚያው ሳምንት፣ ከተቻለ በማግሥቱ መታየት ይገባል። ምንም ምልክት ሳይኖር የቀረው ስጋት ብቻ ከሆነ ደግሞ የምርመራ ቀን ቆርጠው በወረቀት ላይ ይጻፉት።

እስከዚያው ድረስ ግን ቁስሉን በአልኮል ወይም በሎሚ አይጥረጉት፣ ቅባት አይቀቡት፣ ሴቶችም ብልትን ወደ ውስጥ በሳሙና ወይም በዴቶል አይጠቡ። ይህ ሁሉ ምልክቱን እየለወጠ ባለሙያውን ያሳስታል፤ ጤናማ የሆነውን አካልም ይለበልባል።

ያየሁት ነገር የእውነት የበሽታ ምልክት መሆኑን በምን ልለይ?

ለብዙ ሰው ስጋቱ የሚጀምረው አካሉን ከዚያ በፊት በትኩረት ተመልክቶት ስለማያውቅ ነው። ከአንድ የሚያጸጽት ምሽት በኋላ በስልክ መብራት ሲመለከት፣ ዕድሜውን ሙሉ አብሮት የኖረውን ነገር ትናንት የወጣ ይመስለዋል። በወንድ ብልት ጫፍ ዙሪያ በረድፍ የተደረደሩ፣ እኩል መጠን ያላቸው፣ የማያሙ ጥቃቅን እብጠቶች በሽታ አይደሉም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፉም። ከቆዳ ሥር የሚታዩ ቢጫማ ነጠብጣቦችም የቅባት ዕጢዎች ናቸው። በምላጭ ከተላጩ በኋላ በፀጉሩ ሥር የሚወጡ የሚያሳክኩ ቀያይ ነጥቦች ከመላጨቱ የመጡ ናቸው።

በሴቶች በኩል ጤናማ ፈሳሽ መኖሩ ራሱ ብዙዎችን ያስደነግጣል። ግልጽ ወይም ነጣ ያለ፣ መጥፎ ሽታ የሌለው፣ በወር አበባ ዑደት መካከል እንደ እንቁላል ነጭ የሚሳብ ፈሳሽ የጤና ምልክት ነው። እንደ አይብ የረጋ፣ ብርቱ ማሳከክ ያለበት ነጭ ፈሳሽ በአብዛኛው የፈንገስ መብዛት ነው፤ አንቲባዮቲክ በመውሰድ፣ በእርግዝና ወይም በስኳር በሽታ ምክንያት ሊመጣ ይችላልና ብቻውን የግንኙነት በሽታ ማስረጃ አይሆንም። ቢጫ ወይም አረንጓዴ የሆነ፣ አረፋማ ወይም የሚሸት ፈሳሽ፣ በግንኙነት ጊዜ ሕመም፣ ከግንኙነት በኋላ የሚታይ ደም ግን ምርመራ ይፈልጋል።

በሌላ በኩል የማያም ነገር ሁሉ ቀላል አይደለም። ቂጥኝ ሲጀምር የሚያወጣው ቁስል ብዙውን ጊዜ አንድ፣ ጠርዙ ጠንከር ያለና ሕመም የሌለው ሲሆን ከ3 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ሳይታከም ራሱ ይድናል። ሰውየው «እግዚአብሔር ማረኝ» ብሎ ይረጋጋል፤ በሽታው ግን በደም ውስጥ ቀጥሎ፣ ሳምንታት አልፈው በመዳፍና በውስጥ እግር ላይ ሳይቀር በሽፍታ መልክ ሊመለስ፣ ከዓመታት በኋላም ልብንና አእምሮን ሊጎዳ ይችላል። ከርክር የምንለው ቁስል በአንጻሩ ብርቱ ሕመም አለው፤ ሄርፒስ ደግሞ ውኃ በቋጠሩ ትንንሽ አረፋዎች ጀምሮ ይፈነዳና ይቆስላል። በአፍ ዙሪያ ሲወጣ «ምች» እያልን የምንጠራው ቁስልም የዚሁ የሄርፒስ ቤተሰብ ሥራ ነው፤ ብዙ ሰው በልጅነቱ የሚይዘው በመሆኑ በከንፈር ላይ ምች መውጣቱ ስለ ማንም ሰው ጠባይ የሚናገረው ነገር የለም።

ከግንኙነቱ በኋላ ምልክት በስንት ቀን ይታያል?

ጨብጥ በወንዶች ላይ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ራሱን ይገልጣል። ክላሚዲያ የተባለው በባክቴሪያ የሚመጣ የአባላዘር በሽታ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ይፈልጋል፤ በአብዛኞቹ ሴቶችና በብዙ ወንዶች ላይ ግን ጨርሶ ምልክት አያሳይም። የሄርፒስ የመጀመሪያው ቁስል ከ2 እስከ 12 ቀን፣ ከርክር ከ3 እስከ 10 ቀን፣ ቂጥኝ ከ10 እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ ሲሆን የቂጥኝ አማካዩ 21 ቀን ገደማ ነው። የብልት ኪንታሮት ሳምንታትና ወራት ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ በማግሥቱ ጠዋት የተሰማ ማቃጠል ከትናንት ማታው ግንኙነት የመጣ በሽታ የመሆኑ ዕድል ትንሽ ነው፤ መቦጨር፣ ለኮንዶሙ ቅባት መቆጣት፣ ውኃ ባለመጠጣት የወፈረ ሽንት ወይም ጭንቀቱ ራሱ ሊሆን ይችላል።

ኤች አይ ቪን በምልክት ለመገመት መሞከርን አልመክርም። ቫይረሱ ከገባ ከ2 እስከ 4 ሳምንት በኋላ አንዳንድ ሰው ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመምና ሽፍታ ሊያይ ይችላል፤ ጉንፋንም፣ በቆላው በኩል ወርዶ የተመለሰ ሰው ላይ ወባም ተመሳሳይ ምልክት አላቸው። ለዚህ ጥያቄ መልስ ያለው ደም ላይ ብቻ ነው።

ምርመራዬን መቼ ባደርግ እርግጠኛ እሆናለሁ?

ምልክት ካለ ዛሬ። ምልክት ከሌለ የኤች አይ ቪ ፈጣን ምርመራ በብዙ ሰዎች ላይ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ቫይረሱን ማሳየት ይችላል፤ የመጨረሻውን እርግጠኝነት የሚሰጠው ግን በ3ኛው ወር የሚደረገው ነው። የቂጥኝ የደም ምርመራም እንዲሁ 90 ቀን ይጠበቅለታል።

የእኛ አቆጣጠር እዚህ ላይ ይረዳል፤ ወሮቻችን ሁሉ 30 ቀን ስለሆኑ ዘጠና ቀን ማለት ከ3 ወር በኋላ ያው ቀን ነው። ጥር 12 ለሆነው ነገር የማረጋገጫው ቀን ሚያዝያ 12 ነው። ጳጉሜን በመካከል ከገባች ቀኑ ይተርፋል እንጂ አይጎድልም። አንዳንዶች በየሳምንቱ እየመጡ ጣታቸውን ይወጋሉ፤ ለእነርሱ የምመክረው በ6ኛው ሳምንት አንድ ጊዜ፣ በ3ኛው ወር አንድ ጊዜ መርምረው እንዲያበቁ ነው። በመካከሉ አዲስ ግንኙነት ካለ ቆጠራው ከዚያ ቀን እንደ ገና ይጀምራል።

ስለ 72 ሰዓት ሰምቻለሁ። ምንድን ነው?

ለኤች አይ ቪ ከተጋለጡ በኋላ ቫይረሱ በሰውነት ውስጥ ሥር እንዳይሰድ የሚከላከል መድኃኒት አለ፤ ከ72 ሰዓት በፊት ተጀምሮ ለ28 ቀናት በተከታታይ ይወሰዳል። በቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይበልጥ ይሠራል። ቅዳሜ ከምሽቱ 4 ሰዓት የሆነ ነገር ማክሰኞ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ጊዜው ያልቅበታልና ሰኞን በማመንታት አያሳልፉት።

ግንኙነቱ የተፈጸመው በማስገደድ ከሆነ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፤ ሕክምናውም አይዘገይም። ሰውነትዎን ሳይታጠቡ፣ ልብስዎንም ሳያጥቡ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። እዚያ ከኤች አይ ቪ መከላከያው ጋር የሌሎቹ በሽታዎች መድኃኒትና እስከ 5 ቀን ድረስ የሚያገለግል ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ ማግኘት ይችላሉ። እኅትዎ፣ ጎረቤትዎ ወይም ተማሪዎ ይህ የደረሰባት ከሆነ ከጥያቄና ከወቀሳ በፊት አብረዋት ይሂዱ።

ጤና ጣቢያ ስገባ ምን ይጠብቀኛል? ምንስ እጠየቃለሁ?

በካርድ ክፍል ምክንያትዎን በዝርዝር መናገር የለብዎትም፤ «ባለሙያ ለብቻ ማነጋገር እፈልጋለሁ» ማለት ይበቃል። ውስጥ ሲገቡ የሚያገኙት ነርስ ወይም ጤና መኮንን ሊሆን ይችላል። ስፔሻሊስት ካላየኝ ብለው የሚመለሱ ሰዎች ያጋጥሙኛል፤ አስፈላጊ አይደለም። የጤና መኮንን ሥልጠና በአገራችን የተጀመረው እዚሁ ጎንደር፣ በ1947 ዓ.ም. በተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲሆን፣ ይህ ሙያ ከመጀመሪያው የታሰበው እንዲህ ያሉትን የተለመዱ በሽታዎች በጤና ጣቢያ ደረጃ ለይቶ ለማከም ነው። ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ሲገኝ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ሪፈር ይጻፋል።

ባለሙያው ምልክቱ መቼ እንደጀመረ፣ የመጨረሻው ግንኙነት መቼ እንደነበረ፣ ኮንዶም መኖር አለመኖሩን፣ ከዚህ በፊት የወሰዱትን መድኃኒትና ለፔኒሲሊን አለርጂ እንዳለብዎት ይጠይቃል። የሰውየውን ስም አይጠይቅም። እውነቱን መናገር የሚያስፈልገው ለፍርድ ሳይሆን ለመድኃኒቱ ምርጫ ነው። ቀጥሎ አካሉን ይመለከታል፤ ሴት ባለሙያ ወይም ወንድ ባለሙያ እንዲያይዎት መጠየቅ መብትዎ ነው።

በአብዛኞቹ ጤና ጣቢያዎች የሚሠሩት ምርመራዎች የኤች አይ ቪና የቂጥኝ የደም ምርመራ፣ የሽንት ምርመራ፣ እንዲሁም ፈሳሽን በማይክሮስኮፕ ማየት ናቸው። ክላሚዲያን ለይቶ የሚያሳየው ምርመራ በብዙ ቦታ ስለማይገኝ፣ ባለሙያው ምልክቱን ይዞ ለዚያ ምልክት መነሻ ሊሆኑ የሚችሉትን በሽታዎች በአንድነት ያክማል። አንዳንዱ ሰው «ሳይመረምሩኝ መድኃኒት ሰጡኝ» ብሎ ይከፋል፤ ነገር ግን ይህ አሠራር በዓለም ጤና ድርጅት የተመከረና በአገሪቱ መመሪያ የተያዘ ነው።

የደም ምርመራው ራሱ አጭር ነው። ጣትዎ በጥጥ ይጠረጋል፣ ትንሽ ይወጋል፣ አንድ ጠብታ ደም በመመርመሪያው ላይ ይንጠባጠባል፣ ከዚያ 15 ወይም 20 ደቂቃ መጠበቅ ነው። እነዚያን ደቂቃዎች አውቃቸዋለሁ። አንድ እናት ነጠላቸውን አጣጥፈው፣ ፈትተው፣ እንደገና አጣጥፈው፣ ዓይናቸውን ከጠረጴዛው ላይ ሳይነቅሉ ጨረሷቸው። በመመርመሪያው ላይ ከሚወጡት መስመሮች አንዱ መመርመሪያው መሥራቱን የሚያመለክት ብቻ ነው፤ ይህን ሳያውቁ «መስመር ወጣ» ብለው የሚደነግጡ አሉና ባለሙያው ሳይነግርዎ አይፍረዱ። የመጀመሪያው ምርመራ ቫይረስ ቢያሳይ እንኳ በሌሎች መመርመሪያዎች ሳይረጋገጥ ውጤት አይባልም።

ጎንደር ሰው ሁሉ ይተዋወቃል። የሚያውቀኝ ሰው ቢያየኝስ?

ይህን ፍርሃት አላቃልለውም። ከተማችን ሰፍታለች፣ ግን ሠርግና ልቅሶ፣ ማኅበርና ዕድር አሁንም ያገናኘናል። ጤና ጣቢያ ግን ለክትባትም፣ ለደም ግፊትም የሚኬድበት ቦታ ስለሆነ በር ላይ የታየ ሰው ለምን እንደመጣ ማንም አያውቅም። ፍርሃቱ ከጸናብዎት አዘዞ ሠፈር የሚኖር ሰው ማራኪ ሠፈር ሄዶ መመርመር ይችላል፤ የማራኪውም አዘዞ መሄድ ይችላል። ባለሙያው በሕግም በሙያ ሥነ ምግባርም ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ ያለ ፈቃድዎ ለባለቤትዎም፣ ለወላጅዎም፣ ለንስሐ አባትዎም አይናገርም። ለወጣቶች የተለየ ክፍልና ሰዓት ያላቸው ጤና ጣቢያዎችም አሉ፤ ያላገቡ መሆንዎ አገልግሎቱን አይከለክልዎትም።

ከፋርማሲ ሲፕሮ ገዝቼ ብውጥ አይሻልም?

አይሻልም። ጨብጥ ለፔኒሲሊን፣ ለቴትራሳይክሊንና ለሲፕሮፍሎክሳሲን በስፋት ተላምዷል፤ ዛሬ ዋናው መድኃኒት ሴፍትሪያክሶን የተባለው መርፌ ነው። ጓደኛዎ ከዓመታት በፊት የዳነበት እንክብል ለእርስዎ ምልክቱን ለሳምንት አደብዝዞ በሽታውን ሊተውብዎት ይችላል። ከዚያ የሚመጣው ስጋት ከመጀመሪያው የባሰ ነው፤ የተረፈው ማቃጠል ያልዳነ በሽታ ይሁን ወይስ የመድኃኒቱ መዘዝ ባለሙያውም በቀላሉ መለየት አይችልም።

ጠበል መጠመቅ ከሕክምና ጋር አይጣላም። ሁለቱን አንድ ላይ የያዙ ብዙ ምእመናን አውቃለሁ፤ የምለምነው ክኒኑ እንዳይቋረጥ ብቻ ነው። በጾም ወይም በረመዳን ወቅት ከሆኑ ይህን አስቀድመው ይንገሩ፤ ብዙዎቹ መድኃኒቶች በመርፌ ወይም በቀን ሁለት ጊዜ የሚወሰዱ በመሆናቸው ሰዓታቸውን ማስተካከል ይቻላል። ሜትሮኒዳዞል ከታዘዘልዎት ጠላም ሆነ አረቄ አይቅመሱ።

ውጤቴ ነፃ ነው፤ ስጋቱ ግን አልለቀቀኝም። ምን ሆኜ ነው?

በዚህ ጥያቄ ላይ ረዘም ብዬ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም ሐኪም ቤቱ «ነፃ ነህ» ብሎ የሚሸኛቸው እነዚህ ሰዎች ብቻቸውን ይቀራሉ።

አንድ ወጣት ስልኩን አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። በውስጡ ከሠላሳ በላይ ፎቶዎች ነበሩ፤ ሁሉም የአንድ ቦታ፣ ሁሉም ሌሊት በመብራት የተነሡ፣ ቀናቸው የተለያየ። እያንዳንዱን እያሳየኝ «ይኼኛው ከዚያኛው ቀልቷል» ይለኝ ነበር። በ3 ወር ጊዜ ውስጥ አምስት ጊዜ ተመርምሮ አምስቱም ነፃ ነበር። ብልቱ ቀልቶ ነበር፤ ያቀላው ግን የገዛ እጁ ነው። ፈሳሽ አለ የለም ብሎ በቀን ብዙ ጊዜ ሲጨምቀው፣ በሳሙና ደጋግሞ ሲያጥበው ቆይቷል። የሽንት ቧንቧ በዚህ መልክ ሲጨመቅ ይቆጣል፣ ያቃጥላል፣ ጥርት ያለ ጠብታም ያወጣል፤ ሰውየውም ያንን ጠብታ አይቶ ፍርሃቱ የተረጋገጠ ይመስለዋል።

ጭንቀት የራሱ ምልክቶች አሉት። ሽንት ቶሎ ቶሎ ያመላልሳል፣ ሆድን ያገላብጣል፣ ሌሊት ያልባል፣ ምግብ ይዘጋል፣ ክብደት ይቀንሳል፣ የታችኛውን የሆድና የዳሌ ጡንቻ እያኮማተረ ብሽሽትንና የዘር ፍሬን ያሳምማል። ክብደቱ የቀነሰበት ሰው ደግሞ ሌሊት በስልኩ ሲፈልግ የኤች አይ ቪ ምልክት ሆኖ ያገኘዋል። በኢንተርኔት ላይ የሚወጡት ሥዕሎች እጅግ የተባባሱ በሽታዎች በመሆናቸው ከእርስዎ ጋር ማነጻጸሩ ጥቅም የለውም።

ከወጣቱ ጋር የተስማማነው ፎቶዎቹን አብረን ልናጠፋ፣ ለሁለት ሳምንት መጭመቅና መመልከት ሊያቆም፣ መታጠብም በቀን አንድ ጊዜ በውኃ ብቻ እንዲሆን ነበር። ፎቶዎቹን ሲያጠፋ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ደውሎልኝ ቅላቱ እንደጠፋ ነገረኝ፤ ፍርሃቱ ግን ጊዜ ፈለገ፤ በየቀኑም እየተመለሰ ይፈትነው ነበር።

ስጋቱ ከነፃ ውጤት በኋላም ከአንድ ወር በላይ ከቀጠለ፣ ሥራና እንቅልፍ ከከለከለ፣ ወይም አንድን ነገር ደጋግሞ የማየትና የማጠብ ግዴታ ውስጥ ካስገባ፣ ይህ ራሱን የቻለና የሚታከም ሕመም ነውና በሆስፒታሉ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይታዩ። ወደዚያ መሄድ እብደት አይደለም። ራስን ስለማጥፋት ሐሳብ ከመጣብዎት ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ያንኑ ሰዓት ለሚያምኑት ሰው ነግረው አብረው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

እስከ ምርመራው ቀን ድረስ እንዴት ልቆይ?

ቀኑን ጽፈው ያስቀምጡ፤ ሐሳቡ በመጣ ቁጥር «መልሱ ሚያዝያ 12 ነው» ብለው ወደ ሥራዎ ይመለሱ። ለአንድ ሰው ብቻ ይንገሩ፤ ለአሥር ሰው የተነገረ ስጋት አሥር የተለያየ ምክር ይዞ ይመለሳል። ከመኝታ በፊት ያለውን አንድ ሰዓት ከስልክ ያርቁ። በጸሎት የሚጽናኑ ከሆነ ይጽናኑበት፤ ነገር ግን ያደረጉትን እያሰቡ ራስን መቅጣትና ንስሐ አንድ አይደሉም፣ ይህንንም የንስሐ አባትዎ ከእኔ የተሻለ ያስረዱዎታል። የእግር መንገድ ይረዳል። ጫትና መጠጥ ፍርሃቱን ለአንድ ምሽት ሸፍነው በማግሥቱ እጥፍ አድርገው ይመልሱታል። ውጤቱ እስኪታወቅም ከግንኙነት ይታቀቡ ወይም ኮንዶም ይጠቀሙ፤ ሌላ ሰው አለመጉዳትዎን ማወቅ ራሱ ልብን ያሳርፋል።

ባለቤቴ ለሥራ ቆላ ወርዶ ከተመለሰ በኋላ ምልክት አየሁ። በእኔ ላይ ሌላ ሴት ይዟል ማለት ነው?

በሰሊጥ አጨዳው ወቅት ወደ መተማና ወደ ሑመራ የሚወርዱና በጎንደር የሚመለሱ ብዙ በመሆናቸው ይህን ጥያቄ ደጋግሜ እሰማዋለሁ፤ ከወንዶችም ተገልብጦ እሰማዋለሁ። የምመልሰው በጥንቃቄ ነው። ክላሚዲያና ትሪኮሞናስ የተባለው በጥገኛ ተህዋስ የሚመጣ የአባላዘር በሽታ ያለ ምልክት ለወራት ሊቀመጡ ይችላሉ፤ ስለዚህ ምልክቱ ዛሬ መታየቱ በሽታው ዛሬ መግባቱን አያሳይም። ፈንገስና የብልት ባክቴሪያ መዛባት ደግሞ ከናካቴው የመማገጥ ማስረጃ አይደሉም። ሳይመረመሩ የተነሣ ጠብ ትዳር ያፈርሳል፤ በሽታውንም ሳያክም ይተወዋል።

በሽታው ከተረጋገጠ ግን ሁለታችሁም በአንድ ጊዜ ካልታከማችሁ እየተመላለሰ ይይዛችኋል። «ሐኪም ቤት ሄጄ ነበር፤ የእኔ ብቻ መታከም አይበቃም፣ አንተም አብረኸኝ እንድትሄድ አሉ» የሚለው አነጋገር ከክስ ይልቅ ጥሪ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ያስኬዳል። ቢነግሩት እንደሚመታዎት ከፈሩ ይህንን አስቀድመው ለባለሙያው ይንገሩ፤ መንገዱን አብሮ ይፈልጋል። ከመድኃኒቱ በኋላ ሁለታችሁም ለ7 ቀናትና ምልክቱ እስኪጠፋ ድረስ ከግንኙነት ትታቀባላችሁ።

ነፍሰ ጡር ነኝ። ልጄን ይጎዳው ይሆን?

ካልታከመ ሊጎዳው ይችላል፤ ሲታከም ግን ጉዳቱን መከላከል ይቻላል። ቂጥኝና ኤች አይ ቪ በእርግዝና ክትትል የሚመረመሩት ለዚሁ ነው። ስለዚህ ክትትልዎን በመጀመሪያዎቹ ወራት ይጀምሩ፤ ምልክት ካለም ቀጠሮ አይጠብቁ። እንደ ዶክሲሳይክሊን ያሉ ለእርግዝና የማይመከሩ መድኃኒቶች ስላሉ ነፍሰ ጡር መሆንዎን ሳይናገሩ ምንም አይዋጡ። በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውስጥ የሕፃን ዓይን አብጦ መግል ካወጣ ያንኑ ቀን ይውሰዱት፤ በጨብጥ የመጣ ከሆነ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል።

በሽንት ቤት፣ በልብስ ወይም የጋለ ድንጋይ ላይ በመሽናት ይይዛል?

አይይዝም። ፀሐይ ያጋለው ድንጋይ ላይ መሽናት ጨብጥ አያመጣም፤ ጨብጥ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ተህዋስ ነው። ከአንድ መሶብ መብላት፣ ጉርሻ፣ በአንድ ብርሌ መጠጣት፣ መተቃቀፍም አያስተላልፉም። ቅማልና እከክ ብቻ በአንሶላና በልብስ ሊመጡ ይችላሉ።

ውጤቱ በሽታ መኖሩን ቢያሳይስ?

ጨብጥ፣ ክላሚዲያ፣ ቂጥኝና ትሪኮሞናስ ፈጽመው የሚድኑ ናቸው። በዓለም ላይ በየቀኑ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከእነዚህ በአንዱ ይያዛሉ፤ ስለዚህ እርስዎ የመጀመሪያው አይደሉም፣ ባለሙያውም አይደነግጥብዎትም። ሄርፒስ ከሰውነት አይወጣም፣ ነገር ግን ቁስሉን የሚያሳጥር መድኃኒት አለው፤ አብዛኛውን ጊዜም ከዓመት ዓመት እየቀለለ ይሄዳል። ኤች አይ ቪ ከተገኘ መድኃኒቱ በዚያው ቀን ሊጀመር ይችላል፤ በአግባቡ ወስዶ ቫይረሱ በደም ምርመራ የማይታይበት ደረጃ ላይ የደረሰ ሰው በግንኙነት ለሌላ ሰው አያስተላልፍም፣ አግብቶም ይወልዳል።

የታዘዘልዎትን መድኃኒት ምልክቱ ቢጠፋም ይጨርሱ፤ በ7 ቀን ውስጥ ካልተሻለዎት ይመለሱ። ቂጥኝ ታክመው ከሆነ ደግሞ የታከሙበትን ቀንና የመድኃኒቱን ስም የያዘውን ወረቀት ከልደት ካርድዎ ጋር ያስቀምጡት፤ ፈጣኑ የቂጥኝ ምርመራ ከዳኑ በኋላም ዕድሜ ልክ ሊያሳይ ስለሚችል፣ ከዓመታት በኋላ ለጋብቻ ወይም ለእርግዝና ሲመረመሩ ያ ወረቀት ከአዲስ ድንጋጤ ያድንዎታል።